ኦሜፕራዞል ለምን ከምግብ በፊት?

ጥያቄ፦ ጨጓራዬን ስለሚያቃጥለኝ ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ ለአራት ሳምንት ታዞልኛል። የምውጠው ግን ሲያቃጥለኝ ብቻ፣ ብዙ ጊዜም ከምሳ በኋላ ነው። አንዳንዴ ካፕሱሉን ከፍቼ ፍሬዎቹን አኝካለሁ። ምንም አልተሻለኝም። ረመዳን ሲገባስ እንዴት ላድርግ? (አንባቢ፣ ደሴ)

መልስ፦ መድኃኒቱ ይቀየርልኝ ከማለትዎ በፊት ሰዓቱን ያስተካክሉ። አሲድ የሚያመነጩት የጨጓራ ሴሎች እንደ ፓምፕ የሚሠራ ፕሮቲን አላቸው፤ ፖታሲየም እያስገባ ሃይድሮጂን ወደ ጨጓራ ያስወጣል። ኦሜፕራዞል ይህን ፓምፕ ይቆልፈዋል፤ የሚቆልፈው ግን በሥራ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ፓምፑን የሚቀሰቅሰው ደግሞ ምግብ ነው። ስለዚህ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድመው ይዋጡት፤ እህሉ ሲገባ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ደርሶ ይጠብቃል። ከምሳ በኋላ ሲሆን ግን ፓምፖቹ ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ይደርሳል፤ ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ ግማሹ በአንድ ሰዓት ገደማ ይወገዳል።

ሲያቃጥል ብቻ መዋጡም አያዋጣም። ፓምፖቹ ሁሉም በአንዴ አይነቁም፣ ሴሉም በየቀኑ አዳዲስ ይሠራል። ሙሉ ኃይሉ የሚታየው ሳያቋርጡ ከ3 እስከ 5 ቀን ሲወስዱት ነው። ለዚያው ሰዓት ማስታገሻ የሚሆነው የሚታኘክ ፀረ አሲድ ነው።

ፍሬዎቹን በፍጹም አያኝኩ! ሽፋናቸው የተሠራው ጨጓራን አልፈው አንጀት ላይ እንዲሟሙ ነው፤ ሽፋኑ ከተሰበረ አሲዱ ራሱ መድኃኒቱን ያበላሸዋል። ካፕሱሉ ካስቸገረዎት አንድ ማንኪያ እርጎ ላይ በትነው ወዲያው ይዋጡ። በወተት ግን አይሁን።

በረመዳን በቴምርና በውኃ ሲያፈጥሩ ይዋጡት፤ መግሪብ ሰግደው እስኪመለሱ ሾርባውና ሳምቡሳው ይቆይ። ጾም የሚይዙ ክርስቲያን አንባቢዎችም ከመጀመሪያው ማዕድ ግማሽ ሰዓት ይቅደሙ።

የኤች ፓይሎሪ (ጨጓራን የሚያቆስል ባክቴሪያ) የሰገራ ምርመራ ከታዘዘልዎት ኦሜፕራዞል እየወሰዱ መሆኑን ለሐኪሙ ይንገሩ። ከምርመራው ሁለት ሳምንት በፊት መቆም አለበት፣ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ክሎፒዶግሬል (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስዱ ከሆነም ይናገሩ፣ ኦሜፕራዞል የክሎፒዶግሬልን ኃይል ይቀንሳል።

ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሰዎት፣ ምግብ ለመዋጥ ከተቸገሩ ወይም ያለምክንያት ከከሱ አራት ሳምንቱን አይጠብቁ። ለጠቆረ ሰገራና ለደም ትውከት በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ።