እህል የሌለበት የውሻ ምግብ ለምትፈልጊው እህቴ

አብሽሪ እህቴ፣ እኔም አንድ ሰሞን እንዳንቺ ተጨንቄያለሁ። «ውሻዬ ሌት ተቀን ያካል፣ ፀጉሩም ረገፈ። እህል የሌለበት የቆርቆሮ ምግብ ስጪው አሉኝ፣ የቱን ልግዛ?» ነው ጥያቄሽ። እኔ ደሴ ነኝ፤ ውሻዬን ቦቢን ካሳደግኩት ስድስት ዓመት ሆነኝ።

ብር ከማውጣትሽ በፊት ቁንጫ እይለት። ጭራው ሥር ፀጉሩን ክፈል አድርጊና ጥቁር ብናኝ ካለ በእርጥብ ሶፍት ጥረጊው። ሶፍቱ ላይ ቀይ ከሆነ የቁንጫ ኩስ ነው፤ የጠጣው ደም ነው የሚቀላው። አንቺ ያለሽበት የኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ለቁንጫ ይመቻል። እንደዚያ ከሆነ የሚያስፈልግሽ የቁንጫ መድኃኒት ነው።

ከምግብ ነው ከተባለም እህሉን ብቻ አትጠርጥሪ። ውሻን በብዛት የማይስማማው የበሬ ሥጋ፣ ወተትና ዶሮ ነው፤ ስንዴ ከነሱ በኋላ ይመጣል። ለኛው ቦቢ ያልተስማማው ዶሮ ሆኖ ተገኘ። የበግ ሥጋ ያለውን ብቻ፣ ፍርፋሪ እንኳን ሳንጨምር 8 ሳምንት ስንሰጠው ማከኩን ተወ።

ቆርቆሮውን ስትገዢ ጀርባውን አንብቢ። እኔ ከአዲስ አበባ አንድ ካርቶን አስመጥቼ ስጨርስ ነው በደቃቅ ፊደል «ኮምፕሊመንተሪ» የሚለውን ያየሁት። ማባያ ነው እንጂ ብቻውን ቀለብ አይሆንም ማለት ነው። ሻጩም አያውቅም ነበር። አንቺ «ኮምፕሊት»፣ ማለትም ብቻውን ቀለብ የሚሆን፣ የሚለውን ፈልጊ።

የፕሮቲኑ ቁጥር እንዳያታልልሽ። ቆርቆሮው 8 በመቶ፣ ደረቁ 24 በመቶ ቢል ደረቁ የበለጠ ይመስላል። ግን ቆርቆሮው 78 በመቶ ውሃ ከሆነ፣ ከቀረው 22 ውስጥ 8ቱ ፕሮቲን ነው፤ 36 በመቶ ገደማ። ደረቁ ውሃው 10 በመቶ ቢሆን ወደ 27 ነው የሚመጣው።

እህሉ ወጥቶ ምን እንደገባም እይ። ብዙ ጊዜ አተር፣ ምስር ወይም ድንች ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2018 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ ምግብ ከውሾች የልብ ሕመም ጋር ይያያዝ እንደሆነ መመርመር ጀምሮ ነበር። መንስኤው ይህ ነው ብሎ አልደመደመም። እኔ ግን ምስርና አተር ከሥጋው ቀድሞ ከተጻፈ አልገዛም።

«ጤፍ ግሉተን (ስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) ስለሌለው ችግር የለውም» ያልሽው ላይ፣ ጤፍም እህል ነው። ከእንጀራው ይልቅ ወጡን ፍሪ፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። ከእርድ የተረፈ ጥሬ ሳንባና ጉበትም አትስጪው፤ ለቤተሰብ የሚተርፍ ትል ያመጣል።

አዲሱን ምግብ በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ከድሮው ጋር እያቀላቀልሽ አስለምጂው። የተከፈተ ቆርቆሮ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይበቃዋል። እናንተ ጋ መብራት የሚጠፋ ከሆነ ዋጋው ቢወደድም ትንሹን ግዢ፤ እኔ ግማሽ ቆርቆሮ ስንቴ እንደደፋሁ አትጠይቂኝ።