ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ሳይንስ ስኮላርሺፕ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

በባሕር ሳይንስና በውቅያኖስ ጥበቃ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት መማር ስለሚፈልጉ ልጆች ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል። አሳጥሬ አቀርባቸዋለሁ፣ የምችለውን እመልሳለሁ።

ዋና አልችልም። አይቀበሉኝም እንዴ? (ከደብረ ብርሃን)

ለመግቢያ የሚጠይቅ ፕሮግራም አላየሁም። ቢሆንም ተማር፤ ጀልባ ላይ መውጣትህ አይቀርም።

ከባሕር ዳር የጻፈው ወጣት በዓሣ ሀብት ተመርቆ ሁለት ዓመት ጣና ላይ ሠርቷል። ጓደኞቹ “ባሕር የሌለው አገር ልጅ ለባሕር ስኮላርሺፕ ማን ያየዋል?” እያሉ ተስፋ አስቆርጠውታል። እውነት ነው ወይ ይላል።

እውነት አይደለም። ይህ ወሬ ስንት ጎበዝ ልጅ ሳያመለክት እንዳስቀረ ሳስብ ያናድደኛል።

ቤልጂየም ውስጥ የጌንት፣ የአንትወርፕና የብራስልስ ፍሌሚሽ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚሰጡት ማስተርስ አለ። “ውቅያኖሶችና ሐይቆች” ይባላል። ሐይቅ የሚያጠና ሰው እዚያ እንግዳ አይደለም። ስኮላርሺፑን ሲሰጥ የቆየው ቭሊር-ዩኦስ የተባለው የፍሌሚሽ ዩኒቨርሲቲዎች የትብብር ድርጅት ነው። የአገሮቹ ዝርዝር ስለሚለዋወጥ ኢትዮጵያ ዘንድሮ መኖሯን አስቀድመህ እይ። ጀርመን ብሬመን ደግሞ የሐሩር አካባቢ የውሃ ሥነ ምህዳር ማስተርስ አለ፤ ዳድ በሚባለው የጀርመን አካዳሚያዊ ልውውጥ አገልግሎት በኩል ድጋፍ ይገኝበታል። ዳድ በዚህ ዘርፍ የሚፈልገው ከዲግሪ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሠራ፣ ከተመረቀም ከስድስት ዓመት ያልበለጠው ሰው ነው። የጣናው ሥራህ እዚህ ላይ ይቆጠርልሃል። ሦስተኛው በጌንት ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚሰጠው የባሕር ሕያው ሀብት ማስተርስ ነው። በኢራስመስ ሙንዱስ ስኮላርሺፕ ከገባህ የትምህርት ክፍያ የለብህም፣ በወር 1,400 ዩሮም ይሰጥሃል። የኢራስመስ ማመልከቻ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚዘጋ አትዘናጋ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ የማመልከቻ ደብዳቤህ። እንዳየው የሚላክልኝ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው “ከልጅነቴ ጀምሮ ውቅያኖስ እወዳለሁ” ብሎ ነው። ውቅያኖስ አይተህ የማታውቅ ከሆነ ለምን እንዲህ ትላለህ? የምታውቀውን ውሃ ጻፍ። ጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የላቢዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣሉ። አጥማጁም ይህን ስለሚያውቅ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ይጠብቃል። ዓሣው የተመናመነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በካሪቢያን ባሕር ናሳው ግሩፐር የሚባለውም ዓሣ የመነመነው ለመራባት አንድ ቦታ ሲሰበሰብ እየተጠመደ ነው። አንተ በዓይንህ ያየኸው ችግር የባሕር ሳይንቲስቱም ችግር ነው። ሁለቱን በአንድ አንቀጽ አገናኝተህ ብትጽፍ መራጩ ቆም ብሎ ያነብሃል።

ደግሞስ ከባሕር ጋር ምን ያገናኘናል የሚል ሰው ዓባይን ረስቷል። የክረምቱ ጎርፍ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚያወርደው ደለልና ንጥረ ነገር የሜዲትራኒያንን ምሥራቃዊ ጫፍ ይመግብ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የአስዋን ግድብ ጎርፉን መያዝ ሲጀምር በግብፅ ጠረፍ የሰርዲን ምርት በጥቂት ዓመታት ውስጥ አሽቆለቆለ። የእኛ አፈር የዚያ ባሕር ዓሣ ቀለብ ነበር ማለት ነው። ሕጉም ቢሆን አልረሳንም፤ በ1982 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 69 ወደብ አልባ አገሮች በአካባቢያቸው ካለው ትርፍ የዓሣ ሀብት የመካፈል መብት እንዳላቸው ይናገራል። ይህን መብት የሚያስከብር ባለሙያ ከየት ይምጣ? እንዳንተ ካለው ልጅ ነው። ስለዚህ አመልክት። ካልተሳካም በሚቀጥለው ዓመት ድገም።

ባቦጋያ በማሪን ኢንጂነሪንግ ሠልጥኜ መርከብ ላይ ሠርቻለሁ። የኮራል ጥበቃ ማጥናት እችላለሁ?

ሙያህ የመርከብ ሞተር ነው፤ ኮራል ደግሞ ሕይወት ያለው የባሕር እንስሳ ስለሆነ ባዮሎጂ ነው። በቀጥታ መሻገር ይከብዳል። ለአንተ የሚቀርበው ስዊድን ማልሞ ያለው የዓለም የማሪታይም ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1983 (እ.ኤ.አ.) በዓለም አቀፉ የማሪታይም ድርጅት ሥር የተቋቋመ ሲሆን በውቅያኖስ ዘላቂነትና አስተዳደር ላይ ያተኮረ የማስተርስ ዘርፍ አለው። የመርከብ ብክለትን መቆጣጠርም የባሕር ጥበቃ ነው፤ እዚያ ላይ የአንተ ልምድ ከባዮሎጂስቱ ይበልጣል።

ጂፒኤዬ 2.7 ነው። ተስፋ አለኝ?

ፉል ስኮላርሺፕ በዚህ ውጤት ብቻ ከባድ ነው። ጥሩ የመስክ ሥራ፣ ቢቻል የታተመ ጽሑፍ ጨምርበት።

ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ያሉ እናት ልጃቸው ሕክምና ትታ የባሕር ሥነ ሕይወት ልትማር መወሰኗ አሳስቧቸዋል። “ዓሣ አጥንታ ምን ትበላለች? ዕዳውንስ ማን ይከፍላል?” ይላሉ።

እናቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ግን ዕዳን በተመለከተ ነገሩ እንደሚፈሩት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በውቅያኖስ ሳይንስ ዶክትሬት የሚማሩ አብዛኞቹ ተማሪዎች በረዳት ተመራማሪነት ወይም በረዳት መምህርነት እየሠሩ የትምህርት ክፍያቸው ይሸፈናል፣ የወር መተዳደሪያም ያገኛሉ። ዕዳ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በማስተርስ ነው። ልጅዎ ዜጋ ከሆነች የናንሲ ፎስተር ስኮላርሺፕ የሚባለውን ትይ። የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደሩ ኖኣ ለአሜሪካ ዜጎች በማስተርስና በዶክትሬት ደረጃ የሚሰጠው ነው። ዘንድሮ መከፈቱን ከራሱ ከኖኣ ታረጋግጥ። እርስዎ ደግሞ እባክዎ ይመርቋት።

አንድ “አማካሪ” የቤልጂየሙን ስኮላርሺፕ ቦታ አስይዝልሃለሁ ብሎ 60,000 ብር ጠየቀኝ። ግማሹን ከፍያለሁ።

ቀሪውን አትክፈል። የስኮላርሺፕ ቦታ በሰው አይያዝም። ኢራስመስ ሙንዱስም ሆነ ዳድ ለማመልከቻ ገንዘብ አይቀበሉም። ክፍያ የሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ ቢኖር እንኳ የሚከፈለው በራሱ በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ነው። የበለጠ የምፈራው ሰውዬው በስምህ ሐሰተኛ ትራንስክሪፕት እንዳይልክ ነው፤ ከተገኘ የምትጎዳው አንተ ነህ። ደረሰኙንና የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ያዝና ዛሬ ነገ ሳትል ለባንክህና ለፖሊስ አመልክት። ጠበቃም አማክር።

ተቀባይነት አግኝታ ልትሄድ ያለች ልጅ አስም አለባት። ፕሮግራሙ የስኩባ ጠለቃ (የአየር ታንክ ተሸክሞ ውሃ ውስጥ የመጥለቅ) ኮርስ አለው። የጤና ቅጹ ላይ ብትደብቀው ምን ይሆናል?

አትደብቂ። ጥልቅ ውሃ ውስጥ የተተነፈሰ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ይሰፋል። የአየር ቧንቧሽ ተዘግቶ አየሩ መውጫ ካጣ ሳንባሽ ሊቀደድ ይችላል። ይህ ገዳይ ነው። በጠለቃ ሕክምና የሠለጠነ ሐኪም ሳያይሽ፣ የትንፋሽ ምርመራም ሳታደርጊ ውሃ ውስጥ እንዳትገቢ። አንዳንድ የአስም ሕመምተኛ ይፈቀድለታል፣ አንዳንዱ አይፈቀድለትም። ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ብቻ ነው። ካልተፈቀደልሽ ለአስተባባሪው ንገሪና በላብራቶሪ ወይም በመረጃ ትንተና የሚሠራ ጥናት ጠይቂ፤ የባሕር ሳይንስ ትልቁ ክፍል የሚሠራው በደረቅ መሬት ነው።

በባዮሎጂ ዲግሪ ይዤ ጅዳ ሰው ቤት እሠራለሁ። ከቀይ ባሕር ዳር ሆኜ ልማረው አልችልም?

ትችያለሽ፤ ጥያቄሽም ደስ ብሎኛል። ከጅዳ በስተሰሜን ቱዋል ላይ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው ካውስት፣ የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ የባሕር ሳይንስ ማስተርስና ዶክትሬት አለው። ቀይ ባሕር ደጁ ነው። ለተቀበላቸው ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ፣ መኖሪያ፣ የጤና መድንና የወር መተዳደሪያ ይሰጣል፤ የውጭ አገር ተማሪም ይቀበላል። ውድድሩ ግን ጠንካራ ነው። አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ቢያንስ 6.5 ውጤት ያስፈልግሻል። ከዚያ ጀምሪ። በጽሑፍ የመቀበያ ደብዳቤ ሳይደርስሽ ሥራሽን እንዳትለቂ። ኢቃማሽ (የመኖሪያ ፈቃድሽ) ከአሠሪሽ ወደ ዩኒቨርሲቲው እንዴት እንደሚዞር ደግሞ የካውስትን የቅበላ ቢሮ በኢሜል ጠይቂ፤ መልሱንም አስቀምጪው።

ዲግሪ የት ነው የሚረጋገጠው?

ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ቀጥሎ ውጭ ጉዳይ። ቀሪውን ኤምባሲው ይነግርሃል።