ቀለሙ የት ገባ? በአትክልት ስለሚቀለም ዳቦ የጠየቃችሁን

ጥያቄ፦ በቀይ ሥር ያቦካሁት ሊጥ ዓይን የሚማርክ ቀይ ነበር። ከኦቨን ሲወጣ ግን ላዩ ቡናማ፣ ውስጡም ደብዝዞ ቡኒ ሆነብኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ቀይ ሥሩን ብጨምርም ያው ነው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ችግሩ የቀይ ሥሩ ማነስ አይደለም። ለቀይ ሥር ቀለሙን የሚሰጠው ቤታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ሙቀት አይችልም፤ እሳት ላይ በቆየ ቁጥር እየፈረሰ ወደ ቡኒ ይሄዳል። ብዙ ሰው ቀይ ሥሩን መጀመሪያ ይቀቅላል፣ ቀጥሎ ከሊጡ ጋር ይጋግረዋል፤ ቀለሙ ሁለቴ እሳት ይመታዋል ማለት ነው። ልጦና ቆራርጦ መቀቀል ደግሞ የባሰ ነው፤ ያ ቀይ ውሃ ሲደፋ ቀለሙም አብሮ ይደፋል። ስለዚህ ጥሬውን ልጠው ይፈቅፍቁትና ከሊጡ ውሃ ጥቂት ጨምረው በብሌንደር ልም እስኪል ይፍጩት። የጥሬው ሽታ ከከበደዎት ከነልጣጩ በፎይል ጠቅልለው ኦቨን ውስጥ ያብስሉት።

ቤታኒን ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ሊጥ ይስማማዋል። ለ200 ግራም ዱቄት 1 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይበቃል። ቤኪንግ ሶዳ ግን አያስጠጉት፤ ቀዩን ወደ ቢጫ ቡኒ የሚለውጠው እሱ ነው። ሊጡን የሚያነሳው እርሾው ብቻ ይሁን።

ኦቨኑን ከ180 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አያሳልፉት። 15 ደቂቃ ያህል ሲሆነው ዳቦውን በፎይል ይሸፍኑት፤ ላዩን እንቁላል ወይም ወተት አይቀቡት፤ ሁለቱም ቶሎ ያጠቁሩታል። ትናንሽ ዳቦዎች ቶሎ ስለሚበስሉ ቀለማቸውን ከትልቁ የተሻለ ይይዛሉ። ያም ሆኖ ቅርፊቱ እንደ ሊጡ ደማቅ ይሆናል ብለው አይጠብቁ። የቀይ ሥር ዳቦ ውበቱ ሲቆረጥ ነው የሚታየው።

ጥያቄ፦ የተፈጨ አትክልት ስጨምር ሊጡ እጄ ላይ ይጣበቃል። ዱቄት እጨምርበታለሁ፤ ዳቦው ደግሞ ድንጋይ ይሆናል።

መልስ፦ ካሮትም ቀይ ሥርም ከመቶ 87 ወይም 88 እጃቸው ውሃ ነው። 100 ግራም የተፈጨ ካሮት ሲጨምሩ 88 ግራም ያህል ውሃ ጨመሩ ማለት ነው። ያንን ከሚያቦኩበት ውሃ ላይ ካልቀነሱ ሊጡ መቅጠኑ አይቀርም። ኋላ የሚጨመረው ዱቄት ደግሞ የጨውና የእርሾውን መጠን ያዛባል፤ ዳቦው የሚደርቀው ለዚህ ነው።

ባለ ሦስት ቀለም ጉንጉን ዳቦ ለመጋገር ለእያንዳንዱ ቀለም 200 ግራም የዳቦ ዱቄት፣ 2 ግራም ፈጣን እርሾ፣ 4 ግራም ጨው፣ 10 ግራም ስኳርና 15 ግራም ዘይት ይመዝኑ። ከዚያ ለቀይ ሊጥ 80 ግራም የተፈጨ ቀይ ሥርና 55 ግራም ውሃ፤ ለብርቱካናማው 100 ግራም የተፈጨ ካሮትና 35 ግራም ውሃ፤ ለአረንጓዴው ተጨምቆ 60 ግራም የመዘነ ስፒናችና 70 ግራም ውሃ። ቀይ ሥሩን ወይም ስፒናቹን ሲፈጩ የጨመሩት ውሃ ከዚሁ ላይ ይታሰባል። ከእያንዳንዱ 15 ግራም ውሃ መጀመሪያ ወደ ጎን ያስቀምጡ፤ አትክልት ሁሉ እኩል ውሃ አይዝም። ሊጡን 5 ደቂቃ አሽተው በጣትዎ ይጫኑት፤ ለስለስ ብሎ ጣትዎን ከለቀቀ ይበቃዋል፣ ከጠጠረ የቀረውን በትንሽ በትንሹ ያስገቡ። ከዚያ 5 ደቂቃ ያህል ይሹት።

ሦስቱ ሊጦች በልስላሴ እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ጠንክሮ ሌላው ከላላ፣ ኩፍ ሲል የላላው ያብጥና ጠንካራው ይሰነጠቃል፤ ጉንጉኑም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

ጥያቄ፦ ቀለሞቹን ደርቤ እንደ ምንጣፍ ጠቅልዬ ጋገርኩ። ስቆርጠው ግን መሐሉ ተላቅቆ ቀዳዳ ሆነ።

መልስ፦ ምናልባት ሲዳምጡት ዱቄት ነስንሰው፣ ወይም እንዳይጣበቅ ብለው መሐሉን ዘይት ቀብተው ይሆናል። ሁለቱም ንብርብሮቹ እንዳይያያዙ ያደርጋሉ። የተረፈውን ዱቄት በብሩሽ ያራግፉ፣ የታችኛውን ንብርብር በውሃ በነካ ብሩሽ በስሱ ያርጥቡ፣ ሁለተኛውን ደርበው መዳመጫውን አንድ ጊዜ ብቻ በቀስታ ያሳልፉበት። ሲጠቀልሉ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ጠበቅ ያድርጉት፤ መሐል የቀረ አየር ኦቨን ውስጥ ይሰፋል። መጋጠሚያውን ቆንጥጠው ዘግተው ወደ ታች ያድርጉት።

ሁለተኛው ምክንያት ከልክ በላይ ኩፍ ማለቱ ነው። በጣት ሲጫኑት ጎድጓዳው ቀስ ብሎ በከፊል ከተመለሰ ኦቨን ውስጥ የሚገባበት ሰዓት ነው፤ ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል።

ጥያቄ፦ የስፒናች ሊጤ ለምን ዝንጉርጉር ሆኖ ቀረ? ሲጋገርም የወይራ ቀለም ያመጣል።

መልስ፦ ዝንጉርጉር የሚሆነው በደንብ ስላልተፈጨ ነው። ቅጠሉን በፈላ ውሃ 1 ደቂቃ ብቻ ነክረው ወዲያው በጣም በቀዘቀዘ ውሃ ያጥቡት፤ ጨምቀው ከመዘኑት በኋላ ከሊጡ ውሃ ጋር ይፍጩት። ወደ ወይራ ቀለም የሚወስደው ሙቀትና ኮምጣጣነት ነው፤ በመሆኑም ለቀይ ሥር ያልነውን ሎሚ እዚህ አይጨምሩ፣ ሊጡንም ሌሊቱን ሙሉ አያሳድሩት። ቀለሙ ጥቂት መደብዘዙ ግን አይቀርም።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ ከየትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ከካሮት ወይም ከዱባ። ቢጫና ብርቱካናማ የሚያደርጋቸው ካሮቲን ሙቀት ስለሚችል የሊጡ ቀለም እምብዛም ሳይለወጥ ይወጣል። ዱባውን ግን አይቀቅሉት፤ ኦቨን ውስጥ ካበሰሉት በኋላ በወንፊት ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ያጥልሉት፤ አለበለዚያ ሊጡን ያቀጥነዋል። የጉንጉን ዳቦው በ180 ዲግሪ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይበቃዋል። ቴርሞሜትር ካለዎት መሐሉ 93 ዲግሪ ሲደርስ ያውጡት፤ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝም አይቁረጡት፤ በትኩሱ ቢላዋው ቀለሞቹን እየጎተተ ያደባልቃቸዋል።