ላይት ሜትሩ በማይሠራ ካሜራ ፊልም መማር

«ያገኘሁት የድሮ ፊልም ካሜራ ላይት ሜትሩ (የብርሃን መለኪያው) አይሠራም፣ አፐርቸርና ሻተርም ይምታቱብኛል፤ በዚሁ ልማር ወይስ ሌላ ልግዛ?» ላልከው፣ ወንድሜ፣ አትግዛ። እኔም የጀመርኩት ሜትሩ በሞተ ካሜራ ነው።

በመጀመሪያ ፊልም ሳታስገባ ጀርባውን ክፈትና ሻተሩን (ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባውን መጋረጃ) 1 ሰከንድ ላይ አድርገህ ተኩስ። መጋረጃው ተከፍቶ ቆይቶ ከተዘጋ፣ በሌሎቹም ፍጥነቶች ልዩነቱ ከታየህ፣ ካሜራው ለመማሪያ ይበቃሃል።

አይኤስኦ፣ ማለትም ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት፣ የፊልሙ ሳጥን ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው፤ ፊልሙ እስኪያልቅ አትነካውም። ስለዚህ የምታስብባቸው ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው። ሌንሱ ላይ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 የሚለው አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል፣ በየእርምጃውም ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። ሻተሩ ላይ 500 ሲል ደግሞ 1/500 ሰከንድ ማለቱ ነው (ይሄ መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ያሳስታል)፤ እሱም እንዲሁ በግማሽ በግማሽ ይሄዳል። እንግዲህ 8 በ1/250 እና 5.6 በ1/500 ለፊልሙ አንድ ናቸው። ልዩነቱ የመጀመሪያው ከፊትና ከኋላ ያለውን የበለጠ ጥርት ማድረጉ፣ ሁለተኛው የሚሮጠውን ልጅ ማቆሙ ነው።

ሜትሩን በጥላህ ተካው። ሰማዩን ተወውና መሬት ላይ ያረፈውን የራስህን ጥላ እይ። ጠርዙ የተቆረጠ ያህል ከጠራ አፐርቸር 16፣ ሻተሩ ደግሞ ለአይኤስኦ የሚቀርበው ቁጥር ይሁን፤ ለ400 ፊልም 500፣ ለ100 ፊልም 125። ጠርዙ ከደበዘዘ አፐርቸሩ 11፣ ጥላው በግድ የሚታይ ከሆነ 8፣ ጭራሽ ከሌለ 5.6። ቤት ውስጥ ግን ይሄ አይሠራም፤ እዚያ የስልክ ላይት ሜትር አፕ ተጠቀም።

ፊልም አገባቡ ላይ የደረሰብኝን ልንገርህ። ቆጣሪው 36 አልፎ 38 ሲል «ተርፎ ነው» ብዬ ተደሰትኩ። ለካ የፊልሙ ጫፍ ከሚጠቀለልበት ዘንግ ላይ ወልቆ፣ ሙሉውን ቀን ባዶ ሳነሳ ነበር የዋልኩት! አሁን ጀርባውን ከዘጋሁ በኋላ በግራ በኩል ያለችውን የመመለሻ ቁልፍ ትንሽ አዙሬ ፊልሙን አጠብቀዋለሁ፤ ከዚያ ፊልሙን የሚያስኬደውን ማንሻ ስስብ ቁልፏ አብራ ወደኋላ ካልዞረች ከፍቼ እንደገና አስገባለሁ።

ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ግን ኔጌቲቩን (ታጥቦ የወጣውን፣ ጥቁሩና ነጩ የተገለበጠበትን ፊልም) ማንበብ ነው። ፎቶዎቼ ግራጫና አሸዋ የተነዛባቸው ሲመስሉ ጥፋቱን ለብዙ ጊዜ በሌንሱ ላይ ሳሳብብ ኖርኩ። አንድ ቀን ኔጌቲቩን መስኮት ላይ ዘርግቼ ሳየው የሰውዬው ጥቁር ኮት መሆን የነበረበት ቦታ እንደ መስታወት ባዶ ነው። ብርሃን አልደረሰውም። ስካነሩ በራሱ ስላበራው ነው ስህተቴን ሳላውቀው የቆየሁት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ፊልምህ አምስት ፍሬም ይሠዋ። ጥቁርም ነጭም ነገር ያለበትን አንድ ቦታ ምረጥ፤ አንዴ በትክክለኛው፣ ብርሃኑን አንድና ሁለት እርምጃ ቀንሰህ፣ አንድና ሁለት እርምጃ ጨምረህ አንሳ፤ የትኛው የቱ እንደሆነም ጻፍ። ኔጌቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት ብዙ ይችላል፣ ሲጎድልበት ግን አይምርም፤ ከተጠራጠርክ ብርሃን ጨምር። ስላይድ ፊልም (ምስሉ ሳይገለበጥ እንዳለ የሚወጣበት) የዚህ ተገላቢጦሽ ስለሆነ ለጊዜው አትቅረበው።

ስታሳጥብ ታዲያ ኔጌቲቩንም እንደምትፈልግ አስቀድመህ ተናገር። ስካኑን ብቻ ልከው ኔጌቲቩን የሚጥሉ አሉ፤ ሁለት ፊልም እንዲህ ሄዶብኛል።