የጥገና ማስታወሻዬ ያመጣልኝ ያልጠበቅኩት ሥራ

ስለ ሙያ በይፋ መጻፍና በዚያው ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር መተዋወቅ እውነት እንጀራ ያወጣ እንደሆነ፣ ከሆነስ በአማርኛ ይሻል ወይስ በእንግሊዝኛ፣ ለጠየቁት የላቦራቶሪ ባለሙያ ወንድማችን በእኔ የደረሰውን ልንገርዎት። እኔ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያ ነኝ። መጻፍ የጀመርኩትም የጠገንኩትን እየረሳሁ ስለተቸገርኩ እንጂ ሥራ ፍለጋ አልነበረም።

ብዙ መዘዝ (በጎ መዘዝ ማለቴ ነው) ያመጣልኝ ስለ አንድ ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር የጻፍኩት ገጽ ተኩል ነው። መሣሪያው የክፍሉን አየር ስቦ ይጨምቅና ዚዮላይት በተባለ ማዕድን ውስጥ በማሳለፍ ናይትሮጅኑን አስቀርቶ ኦክስጅኑን ይሰጣል። ነርሶቹ በፍሰት መለኪያው ቱቦ ውስጥ የምትንሳፈፈውን ኳስ አይተው «ኳሷ 5 ሊትር ላይ ቆማለች፣ ታካሚው ግን አልተሻለውም» ሲሉኝ ተቻኩዬ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱን ቀየርኩ፤ ምንም ለውጥ አልመጣም። በኋላ በኦክስጅን መለኪያ ስፈትሸው ንጽሕናው 70 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ዝቅተኛ ብሎ ያስቀመጠው 82 በመቶ ነው። ኳሷ የምታሳየው የፍሰቱን መጠን እንጂ ንጽሕናውን አይደለምና። ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ ነበር፤ ቱቦዎቹን የሳሙና ውኃ ስቀባቸው ደግሞ አንደኛው መጋጠሚያ ላይ አረፋ ወጣ፤ አየር ያፈስ ነበር ማለት ነው። ቦርዱን በከንቱ መቀየሬን ጭምር ሳልደብቅ ከፎቶው ጋር ጻፍኩት።

ሁለት ወር ያህል ማንም ምንም አላለኝም። ከዚያ ከአንድ ሩቅ ጤና ጣቢያ አንዲት ቴክኒሻን ደወለችልኝና በስልክ እየተነጋገርን መጋዘን ተጥሎ የነበረ ማሽን አስነሣን። ስሕተቴን መጻፌ እንዳስደፈራት የነገረችኝ በኋላ ነው። ገንዘብ አልከፈለችኝም፣ አልጠየቅኳትምም፤ ነገር ግን ለአለቆቿ ስሜን አንሥታ ኖሮ ዓመት ሳይሞላ የ3 ቀን ሥልጠና እንድሰጥ ተጠራሁ። ከሠልጣኞቹ አንዱ ደግሞ የሕክምና ዕቃ ለሚያስመጣ ዘመዱ ነግሮት፣ የመሣሪያ አጠቃቀም መመሪያ ወደ አማርኛ የመመለስ ሥራ አገኘሁ። ዛሬ ከደመወዜ ቀጥሎ የምተማመንበት ገቢ ይኸው ነው።

ልብ ይበሉ፣ ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ወዳጄ አልነበረም። አሜሪካዊው የሶሺዮሎጂ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት፣ ቦስተን አጠገብ ባለችው በኒውተን ሥራ ከቀየሩና ሥራውን በትውውቅ ካገኙ ባለሙያዎች መካከል የጠቆማቸውን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት ከ100 ወደ 17 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ነገሩ አይደንቅም፤ አብረውኝ ምሳ የሚበሉት ባልደረቦቼ የሚያነቡት የማስታወቂያ ሰሌዳ እኔም የማነበውን ነውና።

ጣጣ የለውም አልልም። ጽሑፌን ቃል በቃል ወስዶ የራሱን ስም የጻፈበት አለ፤ አንድ የቀድሞ አለቃዬም «የመሥሪያ ቤቱን ገበና አወጣህ» ብሎ ተቆጥቶኛል። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ ሳልጠይቅ ፎቶ አላወጣም፤ የተቋሙንም ሆነ የታካሚውን ማንነት የሚጠቁም ነገር አልጽፍም። በእርስዎ ሙያ ይህ ጥንቃቄ ከእኔም ይልቅ ጠበቅ ማለት ያለበት ይመስለኛል።

ቋንቋውን በተመለከተ ያለማመንታት አማርኛ እላለሁ። ያ አስመጪ መጀመሪያ ሲደውልልኝ ስለ ዲግሪዬ አንድም ነገር አላነሣም። የጠየቀኝ «ኳሷ ያልካትን ቃል መመሪያው ላይ እንዳለች ብናስገባት ምን ይመስልሃል?» ብሎ ነው።