ፕሮጀክቱ ሲዘጋ መረጃው የት ይገባል? ስለ ጋራ የካርታ መረጃ ቋት ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። ስለ ጋራ የካርታ መረጃ ቋት (ዳታቤዝ) ከተነሣው ክርክር በኋላ “ጊዜ ሰጥተህ መልስልን” ስላላችሁኝ እነሆ ተቀምጫለሁ። ሥራዬ በውሃና በመንገድ ፕሮጀክቶች ውስጥ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሠራባቸውን ቋቶች ማስተዳደር ነው። ፖስትግሬስ የሚባለውን የቋት ሶፍትዌር ከነፖስትጂአይኤሱ (የካርታ መረጃ እንዲይዝ ከሚያደርገው ተጨማሪ ጋር)፣ በላዩ ላይ የሚዘረጋውን የአርክጂአይኤስ (የካርታ ሶፍትዌር) ቋትም አውቃለሁ። ኦራክል የሚባለውን ሌላውን የቋት ሶፍትዌር ለሚያውቁት እተወዋለሁ። ስትጠይቁ ሶፍትዌሩንና ስሪቱን ጻፉ። “አልሠራልኝም” ብቻውን ጥያቄ አይደለም።

የመስኖ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ በመሥሪያ ቤታችን ስድስት ፕሮጀክቶች በአንድ ጊዜ ይካሄዳሉ። ለእያንዳንዱ የራሱን ቋት እንክፈትለት ወይስ ሁሉንም በአንድ እናድርግ? የምንጠቀመው ፖስትግሬስ 16 ነው።

መላሽ፦ ስሪቱን ስለጻፍክ እግዚአብሔር ይስጥህ። አንድ ቋት ይበቃችኋል። በውስጡ ያሉትን ስኪማዎች (ሠንጠረዦች የሚቀመጡባቸውን ክፍሎች) ግን በፕሮጀክት ስም አትክፈሏቸው፤ በጉዳይና በባለቤት ክፈሏቸው።

ምክንያቱን ልንገርህ። ለየፕሮጀክቱ ቋት ሲከፈት መጀመሪያ የሚደረገው የወረዳ ወሰኑን፣ ወንዙንና መንገዱን ከሌላው ቀድቶ ማስገባት ነው። ከስድስት ወር በኋላ አንዱ ፕሮጀክት የወንዙን መስመር ያርማል፤ አምስቱ አያርሙም። ኃላፊው ፊት ሁለት ካርታ ሲዘረጋ አንዱ ወንዝ በሁለት ቦታ ይፈሳል። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ደግሞ “ፕሮጀክት_4” የሚባል ስኪማ ይቀራል። ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ለማጥፋትም የሚደፍር አይገኝም።

ስለዚህ “መሠረት” የሚባል ስኪማ ይኑራችሁ፤ ወሰን፣ ወንዝ፣ መንገድና የከፍታ መስመር እዚያ ይቀመጥ። ሁሉም ያነብበዋል፤ የሚጽፉበት ግን ከሁለት ሰው አይብለጡ። ከዚያ “መስኖ”፣ “መጠጥ_ውሃ”፣ “አፈር” እያላችሁ በየጉዳዩ ክፈቱ። ስድስቱም ፕሮጀክቶች የለኩት የውሃ ነጥብ አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ይግባ፤ የማን እንደሆነ የሚለየው የፕሮጀክት ኮድ የሚል ዓምድ ነው። ኮዶቹ፣ የፕሮጀክቶቹ ሙሉ ስም፣ የተጀመሩበትና የሚያልቁበት ቀን፣ ኃላፊው የሥራ ክፍል ለብቻው በአንድ ሠንጠረዥ ይመዝገቡ፤ እዚያ ያልተመዘገበ ኮድ ቋቱ እንዳይቀበል በቁልፍ (ሁለቱን ሠንጠረዦች በሚያገናኝ ዓምድ) እሰሩት። የፕሮጀክቱ ሰው የራሱን ብቻ ማየት ከፈለገ ቪው (ከሠንጠረዡ ተጣርቶ የሚታይ ዕይታ) ይሠራለት። አንዱ ፕሮጀክት ሌሎቹ የማይፈልጉት ዓምድ ካስፈለገው በጋራው ሠንጠረዥ ላይ አይጨምር፤ በቁልፍ የተያያዘ ጎን ሠንጠረዥ ይክፈት። አለበለዚያ ዓምዱ ሰማንያ ይደርስና ሰባው ባዶ ይሆናል።

በመጨረሻ “ረቂቅ” የሚባል ስኪማ ክፈቱ። ሰው መሞከሪያ ቦታ ካላገኘ “አዲስ_የመጨረሻ_2”ን መሠረት ውስጥ ይጥልባችኋል። ረቂቁ በየወሩ መጨረሻ እንደሚጠረግ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ከዚያም በእርግጥ ጥረጉት።

የመብቱን ነገር ደጋግሜ ስለምለው አትሰልቹ፦ በዋናው አስተዳዳሪ ስም ማንም ለዕለት ሥራ አይግባ። አንባቢ፣ አርታዒና ባለቤት የሚባሉ ሦስት ቡድኖች ፍጠሩ። መብቱ ለቡድን ይሰጥ፤ ሰው ወደ ቡድን ይግባ፣ ከቡድን ይውጣ። ከስሪት 15 ወዲህ “ፐብሊክ” በሚባለው ስኪማ ማንም ተነሥቶ ሠንጠረዥ መፍጠር አይችልም፤ ከአሮጌ ስሪት የተሸጋገረ ቋት ካላችሁ ግን የድሮው ልቅ መብት አብሮ ሊመጣ ስለሚችል አረጋግጡ።

የመንገድ ሥራ አባል፦ ሁሉም በአንድ ሠንጠረዥ ከሆነ የአንዱ ፕሮጀክት ጀማሪ የሌላውን ነጥብ ቢሰርዝስ?

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ፖስትግሬስ ከስሪት 9.5 ጀምሮ በረድፍ ደረጃ መብት መወሰን ይችላል። “የዚህ ቡድን አባል የዚህን ኮድ ረድፍ ብቻ ይለውጥ” ትለዋለህ፤ ሌላውን መንካት አይችልም። ማስታወስ ያለብህ ደንቡ የሠንጠረዡን ባለቤትና ዋናውን አስተዳዳሪ እንደማያግድ ነው። በአስተዳዳሪ ስም አትግቡ የምለው በከንቱ አይደለም።

አዲስ ተመራቂ፦ አርክጂአይኤስ ይሻላል ወይስ ኪውጂአይኤስ?

መላሽ፦ መሥሪያ ቤትህ የከፈለበት ይሻላል። ቀጣይ።

የውሃ ሀብት ባለሙያ፣ ወሊሶ፦ ከቀድሞው 1፡50,000 ካርታ ላይ ያነሣናቸው የምንጭ ነጥቦች በሳተላይት ምስሉ ላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተገፍተው ይወድቃሉ። የጂፒኤስ ስህተት ይሆን? ፖስትጂአይኤስ 3.4፤ የሠንጠረዡ የመጋጠሚያ ሥርዓት መለያ ቁጥር 32637 ይላል።

መላሽ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። የጂፒኤስ ስህተት አይደለም። በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ የሚሳሳተው በጥቂት ሜትር ነው፤ የእናንተው ከ200 ሜትር እንደሚበልጥ ሳልለካው እነግርሻለሁ።

እነዚያ ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም (የቦታ መለኪያ መነሻ) ነው። አዲንዳን የተመሠረተው ክላርክ 1880 በሚባለው ኤሊፕሶይድ (የምድር ቅርጽ ሞዴል) ላይ ሲሆን የዛሬው ጂፒኤስ የሚናገረው በዳብሊውጂኤስ 84 ነው። በመሀል አገር በዩቲኤም (ምድርን በዞን ከፍሎ በሜትር በሚለካው ሥርዓት) ዞን 37 አንዱን ቦታ በሁለቱም ብትለኪው የዳብሊውጂኤሱ ቁጥር በምሥራቅ 90 ሜትር ገደማ፣ በሰሜን ደግሞ ከ200 ሜትር ጥቂት አለፍ ብሎ ይበልጣል። ስለዚህ የአዲንዳን ቁጥር የዳብሊውጂኤስ ስም ተለጥፎበት ሲገባ ነጥቡ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል። የገለጽሽው ይህንኑ ነው።

መፍትሔው ሁለት እርምጃ ነው፤ ቅደም ተከተሉ አይዛባ። መጀመሪያ ኤስቲ_ሴትኤስአርአይዲ በሚባለው ተግባር እውነተኛውን መለያ ስጪው፦ 20137፣ ማለትም አዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37። ይህ ቁጥሮቹን አይነካም፤ ስማቸውን ብቻ ያስተካክላል። ቀጥሎ በኤስቲ_ትራንስፎርም ወደ 32637፣ ማለትም ወደ ዳብሊውጂኤስ 84 ዩቲኤም ዞን 37 ቀይሪው፤ ቁጥሮቹ የሚለወጡት አሁን ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ተግባር እየጠራ “ቀየርኩት” ይላል። የቀየረው ስሙን ነው። ለለውጡም ለኢትዮጵያ የተሰላው መለኪያ (በሦስት አቅጣጫ፣ በሜትር) −165፣ −11፣ 206 ነው፤ ለኢትዮጵያና ለሱዳን በአማካይ የተሰላው −166፣ −15፣ 204 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ሜትር ቢሆንም ቡድናችሁ አንዱን መርጦ በጽሑፍ ያስቀምጥ፤ ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው አይሥራ።

አንድ ሰው ሌየሩን (የካርታውን ንብርብር) በመዳፊት ጎትቶ “ምስሉ ላይ አስተኛሁት” እንዳይልሽ። ልዩነቱ በመላ አገሪቱ እኩል አይደለም፤ ወሊሶ ላይ የገጠመ ጂንካ ላይ አይገጥምም። በተጨማሪም ቋቱ የሚቆጣጠረው መለያ ቁጥሩን እንጂ እውነቱን አይደለም። 32637 የተባለ ሠንጠረዥ 20137 የተጻፈበትን ነጥብ አልቀበልም ይላል፤ በውሸት 32637 የተባለውን የአዲንዳን ነጥብ ግን እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። ስለዚህ “የምንጭ ዳተም” የሚል ዓምድ ጨምሩ፤ ባዶ መተውም አይፈቀድ።

የጤና ፕሮጀክት አባል፣ ሐረር፦ እኛስ? ድሬዳዋና ሐረርን በአንድ ሠንጠረዥ እንይዛለን።

መላሽ፦ በ42 ዲግሪ የሚያልፈው የዞን ድንበር በሁለታችሁ መካከል ነው፤ ድሬዳዋ ዞን 37፣ ሐረር ዞን 38 ነው። በኬንትሮስና በኬክሮስ፣ በ4326 (የዳብሊውጂኤስ 84 የዲግሪ መለያ) አስቀምጡት፤ ስፋትና ርቀት ስታሰሉ ብቻ ወደ ዞናችሁ ቀይሩ። ጋምቤላና አሶሳም ዞን 36 ውስጥ ስለሆኑ አገር አቀፍ ሠንጠረዥ ያላችሁ ሁሉ እንዲሁ አድርጉ።

ስሜ ይቆይ፦ ቋታችን በጣም ይዘገያል፤ ምን እናድርግ?

መላሽ፦ የትኛው ቋት? የትኛው ስሪት? ምን ሲደረግ ነው የሚዘገየው? መግቢያው ላይ የጻፍኩትን አንብብ።

ስሜ ይቆይ፦ ይቅርታ ጋሼ። አርክጂአይኤስ በፖስትግሬስ ላይ ነው፤ በባሕላዊው ቨርዥን (እያንዳንዱ ሰው ለውጡን ለይቶ በሚያቆይበት መንገድ) ነው የምናርመው። ካርታው ሲከፈት ነው የሚዘገየው።

መላሽ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። በባሕላዊው ቨርዥን ስታርም ዋናው ሠንጠረዥ ወዲያው አይነካም። የተጨመረው በአንድ ጎን ሠንጠረዥ፣ የተሰረዘው በሌላው ይከማቻል፤ ካርታው ሲከፈት ሦስቱን ደምሮ ነው የሚያሳየው። ማንም ቨርዥኑን ከዋናው ጋር ሳያስታርቅ፣ ለውጡን ወደ ዋናው ሳያስገባ፣ አስተዳዳሪውም ክምሩን ሳይጨምቅ (ኮምፕረስ ሳያደርግ) ዓመት ካለፈ ክምሩ ከዋናው ይበልጣል። ሰዎቹ ሥራቸውን ወደ ዋናው ቨርዥን ያስገቡ፤ ባለቤት የሌላቸውን ቨርዥኖች ሰርዝ፤ ከዚያ ኮምፕረስ አድርግ። በሳምንት አንድ ጊዜ ልማድ አድርገው። መጀመሪያ መጠባበቂያ ቅጂ ያዝ።

የከተማ ፕላን ባለሙያ፣ አዳማ፦ ከርዕሱ ብወጣ ይቅር በሉኝ። የሠንጠረዥና የዓምድ ስሞችን በአማርኛ ማድረግ ለምን ይፈራል? የራሳችን ቋት፣ የራሳችን ፊደል ነው።

የመሬት አስተዳደር ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን፦ አይፈራም፤ አይመችም እንጂ። ወደ ሼፕፋይል (የቆየ የካርታ ፋይል ዓይነት) ስታወጣው የዓምድ ስም 10 ባይት ብቻ ነው የሚይዘው። በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት ኮድ) አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ሦስት ፊደል ይቀርሃል። “የቀበሌ ስም”፣ “የቀበሌ ኮድ”፣ “የቀበሌ ስፋት” ሁሉም “የቀበ” ይሆናሉ።

የከተማ ፕላን ባለሙያ፣ አዳማ፦ ታዲያ ጥፋቱ የሼፕፋይሉ ነው፤ በጂኦፓኬጅ (በሌላው የካርታ ፋይል ዓይነት) አውጣው።

የመሬት አስተዳደር ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን፦ የምንልክለት መሥሪያ ቤት ሼፕፋይል ካልሆነ አልቀበልም ቢለኝስ? ደግሞ ከዓምድ ስም የባሰው በውስጡ ያለው ጽሑፍ ነው። አንዱ “ዓለም ገና”፣ ሌላው “አለም ገና”፤ አንዱ “ሐዋሳ”፣ ሌላው “ሀዋሳ” ይጽፋል። ለዓይናችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ናቸው። ሠንጠረዥ ከሠንጠረዥ ስናገናኝ ሩቡ ሳይገናኝ ይቀራል።

የከተማ ፕላን ባለሙያ፣ አዳማ፦ በላቲን ሲጻፍስ? ናዝሬትና አዳማ፣ ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱ፤ በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሰው በራሱ አጻጻፍ!

መላሽ፦ ይብቃ፤ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የዓምድ ስም አጭር ላቲን ይሁን፤ ተጠቃሚው የሚያየው መጠሪያ በአማርኛ ይሰጠው። እኔ ከላይ “መሠረት” እያልኩ የጻፍኩት ለማብራሪያ ነው። ሠንጠረዥ በቦታ ስም ፈጽሞ አይገናኝ፤ በኮድ ይገናኝ። ስሙ ለካርታ ጽሑፍ ብቻ ነው። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

የግብርና ፕሮጀክት አባል፦ ቀንስ? የመስክ ሠራተኞቻችን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ይጽፋሉ።

መላሽ፦ ይጻፉ፤ ቋቱ ውስጥ ግን በቀን ዓይነት፣ በጎርጎርዮሳዊው ይግባ። ቅጹ ራሱ ቢለውጠው ጥሩ ነው። ሠራተኛው ጥቅምት 30ን 30/2 ብሎ ቢያስገባ ኮምፒውተሩ “ፌብሩዋሪ 30 የለም” ብሎ ይመልሰዋል፤ ደግነቱ ይታወቃል። የካቲት 30ን 30/6 ብሎ ቢያስገባ ግን ጁን 30 አድርጎ ዝም ብሎ ይቀበለዋል፤ ማንም አያውቅም። ጳጉሜንማ ጭራሽ ቦታ የላትም።

የመጠጥ ውሃ ባለሙያ፣ ሆሳዕና፦ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የተለየ ቋት ቢከፈት አይሻልም?

መላሽ፦ ከላይ መልሻለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

የመጠጥ ውሃ ባለሙያ፣ ሆሳዕና፦ አይቼዋለሁ። የእኛ ችግር ግን የወሰን ለውጥ ነው። የዱሮ ፕሮጀክቶች ሪፖርት በደቡብ ክልል ስም ነው፤ አሁን ያለነው ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ነን። አሮጌውን ወሰን በአዲሱ ስንተካው የዱሮ ሪፖርት ድምር ተበላሸ።

መላሽ፦ እንዲህ ብለሽ ብትጀምሪ ኖሮ አልቆጣም ነበር። ወሰን አይተካም፤ ይታከላል። የወሰን ሠንጠረዡ “ከ” እና “እስከ” የሚሉ ሁለት የቀን ዓምዶች ይኑሩት። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ማዕከላዊና ደቡብ ኢትዮጵያ በ2015 ክልል ሲሆኑ አሮጌው ፖሊጎን (የወሰኑ ቅርጽ) አይሰረዝም፤ “እስከ” የሚለው ይሞላል፤ አዲሱም በአዲስ ረድፍ ይገባል። የ2010 ሪፖርት በ2010 ወሰን፣ የዛሬው በዛሬው ይሰላል። ዕለታዊ ተጠቃሚው እንዳይደናገር ዛሬ የጸናውን ብቻ የሚያሳይ ቪው ስጪው። የውሃ ነጥቡ ላይ ደግሞ የክልል ስም አትጻፊ፤ ነጥቡ የት እንዳለ ያውቃል፤ ክልሉን ከወሰኑ ጋር እያነጻጸረ ቋቱ ራሱ ይናገር።

የቅየሳ ባለሙያ፦ የድሮን ምስሎችን ቋቱ ውስጥ እናስገባ?

መላሽ፦ አይሆንም። ምስሉ በፋይል ዲስክ ላይ ይቀመጥ፤ ቋቱ ውስጥ የሚሸፍነው ፖሊጎን፣ የተነሣበት ቀንና የፋይሉ መገኛ ይመዝገብ።

የመንገድ ሥራ አባል፦ ለአስቸኳይ ሥራ ለጊዜው በአስተዳዳሪው ስም ብንገባስ?

መላሽ፦ አይቻልም። “ለጊዜው” ስንት ዓመት እንደሚቆይ አይቻለሁ።

በግል ድርጅት የምትሠራ አባል፦ አንድ ባልደረባችን ለቀቀ። በአርክጂአይኤስ ቋታችን ውስጥ የመንገድ መረቡ ሠንጠረዥ በእሱ ስም ነው የሚጠራው። የተጠቃሚ ስሙን ለማጥፋት ስንሞክር አልሆነም አለን።

መላሽ፦ እንኳን አልሆነ። ሆኖ ቢሆን መንገዳችሁ አብሮ ይሄድ ነበር። በአርክጂአይኤስ ቋት ሠንጠረዡን የፈጠረው ተጠቃሚ ባለቤቱ ይሆናል፤ በፖስትግሬስ ላይ ደግሞ ስኪማው የተጠቃሚውን ስም ይይዛል። ስለዚህ የሰውየው ስም በሠንጠረዡ ሙሉ መጠሪያ ውስጥ ይገባል፤ በየካርታው ፋይል ውስጥም ይጻፋል። ባለቤትነቱን በፖስትግሬስ ትእዛዝ ከጀርባ ለመቀየር አትሞክሩ፤ የአርክጂአይኤስ የራሱ መዝገብ ከእውነታው ጋር ይጣላል።

እንዲህ አድርጉ። “መንገድ” የሚባል፣ ሰው የሌለበት የባለቤት ስም ፍጠሩ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ይሁኑ። ክፍት ቨርዥኖች ካሉ ሥራው ወደ ዋናው ይግባ፤ ከዚያ በአዲሱ ስም ገብታችሁ ሠንጠረዡን ቅዱና የረድፍ ብዛቱን አመሳክሩ። የካርታ ፋይሎቹን ወደ አዲሱ መገኛ አዙሩ፤ መብቱን ለቡድኖቹ ስጡ። ለአንድ ወር አሮጌውን ለንባብ ብቻ ተዉት። ያኔም የሚጮህ ሰው ካልተገኘ አጥፉት።

አዲስ ተመራቂ፦ ጋሼ፣ በዚህ ሙያ ደመወዝ እንዴት ነው?

መላሽ፦ ስለ ቋት ጠይቀኝ።

አዲስ ተመራቂ፦ እሺ። ፕሮጀክት ሲዘጋ ከቋቱ ምን ይደረጋል?

መላሽ፦ በጉዳይ ከተከፈለ የሚደረገው ጥቂት ነው። የፕሮጀክቱ የማለቂያ ቀን ይሞላል፤ የአርታዒዎቹ መብት ይነሣል፤ ረቂቅ ውስጥ የቀረው ወይ ወደ ቦታው ይገባል ወይ ይጠፋል። ለገንዘብ ሰጪው የሚላከው ቅጂ በፕሮጀክት ኮዱ ተጣርቶ፣ ዳተሙና የዓምዶቹ ትርጉም ተጽፎበት ይወጣል። መጠባበቂያ ቅጂው ሌላ ማሽን ላይ ተመልሶ መከፈቱ ይሞከር፤ ሳይከፈት ቅጂ አለን አትበሉ። ነጥቦቹ ግን ካሉበት አይነቃነቁም፤ የሚቀጥለው ፕሮጀክት እዚያው ላይ ይጨምራል።