ከጄነር በፊት ልጆቿን ያስከተበችው እመቤት

ጥያቄ፦ ስለ ፈንጣጣ ክትባት ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ኤድዋርድ ጄነር ነው። ከሱ በፊት አንዲት እንግሊዛዊት የመኳንንት ልጅ ነበረች ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ቤተሰቧስ? (አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እውነት ነው። ሌዲ ሜሪ ወርትሊ ሞንታጉ ትባላለች፤ የተወለደችው በ1689 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቷ በኋላ የኪንግስተን መስፍን ሆነ። እናቷ ገና በሕፃንነቷ ሞተችባት። አባቷ የመረጠላትን ሰው አላገባም ብላ በ1712 ከኤድዋርድ ወርትሊ ሞንታጉ ጋር ኮበለለች።

በ1713 ወንድሟን ፈንጣጣ ገደለው። በ1715 መጨረሻ እሷንም ያዛት፤ በሕይወት ተረፈች፣ ፊቷ ግን ጠባሳ ሆነ፣ ሽፋሽፍቷም ረግፎ ቀረ። በዓመቱ ባሏ አምባሳደር ሆኖ ወደ ቁስጥንጥንያ (የዛሬዋ ኢስታንቡል፣ ቱርክ) ሲላክ አብራ ሄደች። እዚያ አሮጊቶች ከበሽተኛ ቁስል ትንሽ መግል ወስደው የጤነኛውን ቆዳ በመርፌ ጫር እያደረጉ ያስገቡበት ነበር፤ ሰውየው ጥቂት ቀን ያተኩሰውና አብዛኛውን ጊዜ ይድን ነበር፣ ከዚያ በኋላ ፈንጣጣ አይዘውም ነበር። ይህን ካየች በኋላ በ1718 ትንሽ ወንድ ልጇን አስከተበች፤ ለባሏ የነገረችው በደብዳቤ ነው። በ1721 ለንደን ውስጥ ወረርሽኝ ሲገባ ደግሞ ሴት ልጇን ሐኪሞች እያዩ አስከተበች። ብዙ ሐኪሞችና ቄሶች ተቃወሟት። እኔ ግን ሌላውን ሰው ከመምከሯ በፊት የገዛ ልጆቿን በማስቀደሟ አከብራታለሁ። በ1722 የዌልስ ልዕልት ካሮላይንም ሁለት ሴት ልጆቿን አስከተበች።

ቤቷ ግን አልሰመረላትም። ልጇ ኤድዋርድ ከትምህርት ቤት እየጠፋ አስቸገራት፣ ስትሞት የተናዘዘችለትም አንድ ጊኒ (የዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሳንቲም) ብቻ ነበር። ሴት ልጇ ሜሪ በኋላ በ1762 ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነውን ሎርድ ቢዩትን አገባች። ሌዲ ሜሪ ራሷ በ1739 ባሏን ትታ ወጣች፤ ከሃያ ዓመት በላይ ጣሊያንና ፈረንሳይ ኖራ የተመለሰችው በ1762 ነው፣ እዚያው ዓመት በጡት ካንሰር ሞተች። የቱርክ ደብዳቤዎቿ በ1763 ታትመዋል። የዕለት ማስታወሻዋን ግን ሴት ልጇ አቃጠለችው፤ በጣም ያስቆጫል።

ወደ ጄነር ስንመጣ፣ የሱ ሥራ በእርግጥ ትልቅ ነው። በሌዲ ሜሪ መንገድ ከተከተቡት መካከል የሞቱ ነበሩ፤ ጄነር በ1796 የላም ፈንጣጣ (ከላም ወደ ሰው የሚተላለፍ ቀለል ያለ በሽታ) ተጠቅሞ አደጋውን በጣም ቀነሰው። ግን እሱ ራሱ በልጅነቱ የተከተበው በዚያው በድሮው መንገድ ነው።